ነጻ አዳር፦ የግሌን ካንየን ታሪክ

በአሜሪካ ምዕራብ፣ በዩታና በአሪዞና ግዛቶች ድንበር ላይ በተዘረጋው ቀይ የአለት በረሃ፣ አንድ መንገደኛ መኪናውን ከጥርጊያው መንገድ ዳር አቁሞ፣ ውኃውንና ስንቁን ተሸክሞ ወደ ገደሉ ቢወርድና ድንኳኑን ቢተክል በብዙው ስፍራ ተው የሚለው የለም። ኬላ የለም፤ ደረሰኝ የለም፤ ቧንቧ፣ መብራትና መጸዳጃ ቤትም የለም። በአንዳንድ ሸለቆዎች ፈቃድ ወይም መጠነኛ ክፍያ ይጠየቃል። በአብዛኛው መሬት ላይ ግን የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ የተለመደ ደንብ አንድ ሰው በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን ያለ ክፍያ በአንድ አካባቢ እንዲሰፍር ይፈቅዳል።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ነጻ አዳር እንግዳ ነገር አይደለም። የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ማለቱ፣ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ፣ እግሩን አጥቦ፣ ያለችውን አብልቶ ማሳደሩ የኖረ ወግ ነው። በዚያ ወግ ነጻው አዳር የሚገኘው ከሰው ነው። በአሜሪካ በረሃ ግን የሚገኘው ሰው ከሌለበት ነው፤ ሰጪውም ባለቤት ሳይሆን ሕግ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ መሬት እንዴት ሰው አልባ ሆነ? ሕጉስ ከየት መጣ? ማንም ሊያድርበት የሚችል፣ ማንም ግን «የእኔ» ብሎ የማይቆምለት ስፍራ መጨረሻው ምን ይሆናል?

እነዚህን ጥያቄዎች ከየትኛውም ሸለቆ በላይ የሚመልሰው የግሌን ካንየን ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባዶ ያልነበረው ሸለቆ

የኮሎራዶ ወንዝ ካታራክት ካንየን በተባለው ገደል ውስጥ እያጓራና አለት ላይ እየተፈጠፈጠ ከወረደ በኋላ ድንገት ይረጋጋል። ከዚያ እስከ ሊስ ፌሪ መሻገሪያ ድረስ ለ270 ኪሎ ሜትር ያህል በለስላሳ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ መካከል ቀስ ብሎ ይፈስ ነበር። ግድግዳው ሽቅብ የወጣ ነው፤ በግራና በቀኝ ጠባብ ጠባብ የጎን ሸለቆዎች ይገቡበታል። አንዳንዶቹ ሁለት እጅ ተዘርግቶ ሁለቱም ግድግዳ የሚነካባቸው ናቸው። ከአለቱ ስንጥቅ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ አኻያና ሣር ይበቅላል። ዙሪያው ደረቅ በረሃ ሲሆን ውስጡ ጥላና ምንጭ ነው። ግሌን የሚለውን ስም ያገኘውም ከዚህ ነው፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ አረንጓዴ ጠባብ ሸለቆ ማለት ነው።

በዚህ ሸለቆ ያደሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መንገደኞች ብቻ አልነበሩም። የዛሬዎቹ የሆፒ፣ የዙኒና የሌሎች ፑዌብሎ ሕዝቦች ቅድመ አያቶች ከገደሉ ዋሻ ሥር የድንጋይ ቤትና ጎተራ ሠርተው፣ በጎን ሸለቆዎቹ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ ይዘሩ ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ድርቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ፣ አካባቢውን ለቀው ወደ ደቡብ ሄዱ። ከእነርሱም በኋላ ፓዩቶችና ናቫሆዎች ኖረውበታል። ዛሬ ጎብኚው «ፍርስራሽ» የሚለውን ልጆቻቸው የአባቶች ቤት ይሉታል።

በ1776 ዶሚንጌዝና ኤስካላንቴ የተባሉ ሁለት የስፔን መነኮሳት ከሳንታ ፌ ወደ ካሊፎርኒያ የሚወስድ መንገድ ፍለጋ ወጥተው፣ ክረምቱ ሲይዛቸው ወደ ኋላ ተመለሱ። በኅዳር 7 ቀን ወንዙን የተሻገሩት በግሌን ካንየን ውስጥ ነበር፤ ለእንስሶቻቸው መውረጃም አለቱን ጠርበው ደረጃ አወጡ። ስፍራው የአባቶች መሻገሪያ ተባለ። መሻገሪያውን ግን የአካባቢው ሰዎች ከዚያ በፊትም ያውቁት ነበር።

የአሜሪካ ጦር በ1863 እና በ1864 በኪት ካርሰን መሪነት በናቫሆዎች ላይ ሲዘምት፣ የበቆሎ ማሳቸውን አቃጠለ፤ በጎቻቸውን ነዳ። በካንየን ደ ሼይ ሸለቆ ውስጥ የነበሩ የኮክ ዛፎቻቸውን ቆረጠ። ከ8,000 በላይ ሰዎች በብርድና በረሃብ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ተነድተው በኒው ሜክሲኮ ቦስኬ ሬዶንዶ በተባለ ስፍራ ታሰሩ። ናቫሆዎች እስከ ዛሬ ረጅሙ ጉዞ ይሉታል። ያልተያዙም ነበሩ። ሃሽኬኒኒ የተባለ መሪ ወገኖቹን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ከግሌን ካንየን አጠገብ ወዳለው የናቫሆ ተራራ አካባቢ ሸሸ። እንደ ኢትዮጵያ አርበኞች አነጋገር «ዱር ቤቴ» አለ። የተማረኩት በ1868 ስምምነት ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ፣ ጦሩ ሊደርስበት ያልቻለው ያ አገር መጠጊያ ሆኖ ቆየ።

የዛሬው ተጓዥ «ሰው የማይደርስበት» እያለ የሚያደንቀው በረሃ እንግዲህ ለእነዚያ ሰዎች መዝናኛ ሳይሆን ነፍስ ማዳኛ ነበር። ከዙሪያው ያለው ሰፊ አገር ደግሞ ባዶ ሆኖ የተገኘው በተፈጥሮ ብቻ አልነበረም። አንዱ ክፍል በድርቅ፣ ሌላው በጠመንጃ ባዶ ሆነ።

የአንድ እጁ መኮንን

ግሌን ካንየንን ለአሜሪካ ካርታ ያስተዋወቀው ጆን ዌስሊ ፓውል በ1862 በሻይሎ ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ መኮንን ነበር። በግንቦት 24 ቀን 1869 በአራት ጀልባ፣ ከዘጠኝ ሰዎች ጋር ከዋዮሚንግ ግዛት ተነሣ። ገና ጉዞው ሳይጋመስ አንዷ ጀልባ ከነስንቋ ተሰባበረች፤ አንድ ሰውም ይብቃኝ ብሎ ተለያቸው። የቀሩት የሻገተ ዱቄት፣ የደረቀ ፖምና ቡና እየተቃመሱ ወረዱ።

በሐምሌ መጨረሻ ግሌን ካንየን ሲገቡ ወንዙ አረፈላቸው። ከጎን ሸለቆዎቹ በአንዱ ውስጥ ጣሪያው እንደ ጉልላት የታጠፈ ትልቅ የአለት አዳራሽ አግኝተው ሰፈሩበት። ድምፅ በውስጡ ስለሚያስተጋባ የሙዚቃ ቤተ መቅደስ ብለው ሰየሙት። ከዚያ በኋላ የጠበቃቸው ግራንድ ካንየን ነበር። በዚያ አስፈሪ ወራጅ ሦስቱ ከመስጠም በእግር ማምለጥ ይሻላል ብለው ገደሉን ወጡ፤ ከዚያም ተገደሉ። በነሐሴ መጨረሻ ከገደሉ የወጡት ስድስት ብቻ ነበሩ።

ፓውል ከጉዞው ያገኘው ትምህርት ግን ከጀብዱው ይበልጣል። በ1878 ለመንግሥት ባቀረበው ሪፖርት፣ በምዕራቡ ደረቅ አገር በመስኖ ሊለማ የሚችለው መሬት ጥቂት መሆኑን፣ ለምሥራቁ እርጥብ አገር የወጣ የመሬት ሕግም ለዚያ እንደማይሠራ ጻፈ። መሬትና ውኃ ተነጣጥለው መሰጠት የለባቸውም አለ። በጊዜው የሰማው ጥቂት ነው።

ማንም ያልፈለገው መሬት

ፓውል የተቸው ሕግ የ1862ቱ የሆምስቴድ አዋጅ ነው። አዋጁ አንድ ቤተሰብ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ መሬት ይዞ፣ ለአምስት ዓመት ቢኖርበትና ቢያለማው የግሉ እንዲሆን ይፈቅዳል። በሜዳማውና ዝናብ በሚያገኘው አገር ብዙዎች ባለ መሬት ሆኑበት፤ መሬቱ ቀድሞ የማን እንደነበር ግን አልተጠየቀም። በቀዩ አለት አገር 65 ሄክታር አንድ ላም እንኳ አያኖርም። ስለዚህ ሰፋሪው አለፈው፤ ባቡሩ ዞረው፤ ባለሀብቱ ናቀው።

የሞከሩት አልጠፉም። በ1879 ክረምት 250 ያህል ሞርሞኖች በ83 ሠረገላ ከኤስካላንቴ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ለመስፈር ሲጓዙ ግሌን ካንየን አፋፍ ላይ ደረሱ። በገደሉ ላይ አንድ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነበር። ስንጥቁን ለሳምንታት በመዶሻና በባሩድ አስፍተው፣ በጥር 26 ቀን 1880 ሠረገሎቻቸውን በገመድና በሰው ጉልበት እየያዙ ወደ ወንዙ አወረዱ። የወርቅ ፈላጊዎችም መጡ። በሃሽኬኒኒ ስም የተሰየመ አንድ ኩባንያ በ1900 አካባቢ ከወንዙ አሸዋ ወርቅ የሚዝቅ ትልቅ ማሽን አጓጉዞ ገጣጠመ። ወርቁ ከአሸዋው አልለይ ያለ ደቃቅ ብናኝ ስለነበር ሥራው ከሰረ፤ ማሽኑም እዚያው ቀረ።

እንዲህ እየሆነ እስከ 1934 ተደረሰ። በዚያ ዓመት የወጣው የቴይለር የግጦሽ አዋጅ ያልተያዘውን የመንግሥት መሬት በአብዛኛው ከዕደላ አውጥቶ በግጦሽ አስተዳደር ሥር አደረገው። በ1946 ደግሞ የግጦሽ አገልግሎቱና የቀድሞው የመሬት ጽሕፈት ቤት ተዋሕደው ዛሬ የመሬት አስተዳደር ቢሮ የሚባለው ተመሠረተ። የዛሬው ነጻ አዳር መሠረት ይህ ነው፦ ማንም ስላልወሰደው ለሁሉም የተረፈ መሬት። ማንም እዚያ እንዲያድር ታስቦ የወጣ ሕግ አልነበረም፤ እንዳያድር የሚከለክለው ስለሌለ ብቻ አደረ።

በዚያው በ1934 ከአዳሪዎቹ ሁሉ ስሙ ብዙ የተነሣው ወጣት ወደ ሸለቆው ወረደ። ኤቨረት ሩስ የካሊፎርኒያ ልጅ፣ ሠዓሊና ደብዳቤ ጸሐፊ ነበር። ዕድሜው 20 ዓመት ነው። ለዓመታት በአህያ ስንቅ ጭኖ በረሃውን ሲዞር፣ ባገኘበት ሲያድር ኖሯል። በኅዳር ወር ከኤስካላንቴ ከተማ ሁለት አህዮቹን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። በቀጣዩ ዓመት ፈላጊዎች አህዮቹን ዴቪስ ገልች በተባለ የግሌን ካንየን አካባቢ ሸለቆ አገኟቸው። በአለቱ ላይም «ኔሞ 1934» የሚል ጽሕፈት ተቀርጾ ነበር። ኔሞ በላቲን «ማንም» ማለት ነው፤ በዡል ቬርን ልብ ወለድ ውስጥም የባሕር ሥር መርከበኛው ስም ነው። ወጣቱ ምን እንዳገኘው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቃሉ ግን ለሸለቆው የተጻፈ ይመስላል። ማንም የማይኖርበት፣ ማንም የማይፈልገው፣ ማንም የማያውቀው ተብሎ የሚጠራ አገር ነበርና።

ያላዩት አገር

የምዕራቡ ከተሞች ሲያድጉ ውኃና መብራት ፈለጉ። የመንግሥት የውኃ ልማት ቢሮ በኮሎራዶ ወንዝና በገባሮቹ ላይ ግድቦችን ነደፈ። ከነዚህ አንዱ በዳይኖሰር ብሔራዊ ሐውልት ክልል ውስጥ፣ ኤኮ ፓርክ በተባለ ሸለቆ ሊሠራ የታሰበ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዴቪድ ብራወር የሚመራው የሴራ ክለብና ሌሎች የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት ተቃወሙ። ሰዎችን በጀልባ ወስደው ቦታውን አሳዩ፤ ፊልምና መጽሐፍ አወጡ። ኤኮ ፓርክ ዳነ።

ግሌን ካንየን ግን ብሔራዊ ፓርክ አልነበረም። በ1930ዎቹ በዚያ ሰፊ የተጠበቀ ክልል ለማቋቋም የቀረበው ሐሳብ ሳይሳካ ቀርቷል። ስለዚህ ማኅበራቱ ኤኮ ፓርክን ካተረፉ በኋላ በሌላው ላይ አልገፉም። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሕጉን በሚያዝያ 11 ቀን 1956 ፈረሙ፤ በጥቅምት 15 ቀን ደግሞ ከዋይት ሐውስ የቴሌግራፍ ቁልፍ ተጭነው የመጀመሪያውን ፍንዳታ አስነሡ። ብራወር ሸለቆውን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ወርዶ ሲያየው ምን እንደተሰጠ ገባው፤ ጸጸቱንም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይናገር ነበር። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ለማይናፍቁት አገር መከራከርም ያስቸግራል።

ከ1956 እስከ 1963 ያሉት ሰባት ዓመታት እንደ ለቅሶ ቤት ነበሩ። የሰሙ ሁሉ ሊሰናበቱ ወረዱ። ዘፋኟ ኬቲ ሊ በየዓመቱ እየወረደች ስም የሌላቸውን የጎን ሸለቆዎች ስም ታወጣላቸው ነበር። ጸሐፊው ኤድዋርድ አቢ በ1959 ከአንድ ጓደኛው ጋር በትንንሽ የጎማ ጀልባ ወርዶ የአሸዋ ዳርቻዎቹ ላይ አደረ፤ ጉዞውን በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ተረከው። ፎቶግራፍ አንሺው ኤሊየት ፖርተር ያነሣቸውን ሥዕሎች የሴራ ክለብ በ1963 በመጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ ርእስ ሲተረጎም «ማንም ያላወቀው ስፍራ» ይሆናል። መጽሐፉ ሲወጣ ውኃው መሙላት ጀምሮ ነበር።

ከአዳሪዎቹ ጋር የዩታ ዩኒቨርሲቲና የሰሜን አሪዞና ሙዚየም ተመራማሪዎችም በጥድፊያ ሠሩ። ከ2,000 በላይ የጥንት ሰፈሮችን፣ ጎተራዎችንና የአለት ሥዕሎችን መዘገቡ። ማንም አያውቀውም የተባለው ስፍራ በሁለት ሺህ ቦታ የሰው እጅ ያረፈበት ሆኖ ተገኘ። ስሙ ሊቀየር የሚገባው ርእስ እንግዲህ የፖርተር መጽሐፍ ነበር፦ ማንም ያላወቀው ሳይሆን፣ የሚያውቁት ሰዎች ያልተጠየቁበት ስፍራ ነው። ለናቫሆዎችና ለፓዩቶች የተቀደሰው የቀስተ ደመና ድልድይ፣ ከአለት የተፈለፈለው ያ ግዙፍ ቅስት፣ ከ1910 ጀምሮ ብሔራዊ ሐውልት ነበር። ቢሆንም የሐይቁ ውኃ ከሥሩ ገባ። የናቫሆ ሽማግሌዎች በ1970ዎቹ ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልተፈረደላቸውም።

ግድቡ 216 ሜትር ከፍታ አለው። በ1963 ውኃው ተዘጋ፤ ሐይቁ እስከ አፉ የሞላው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1980 ነው። ወደ 33 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ፣ 1,320 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ነው። መብራቱ ለብዙ ከተሞችና መንደሮች ደርሷል፤ ሐይቁም ሚሊዮኖች በጀልባ የሚዝናኑበት ሆኗል። የሙዚቃ ቤተ መቅደስ ሰጠመ። የአባቶች መሻገሪያም ሰጠመ። ሐይቁ ግን በፓውል ስም ተጠራ፤ ደረቁ አገር ውኃው ውስን መሆኑን አስቀድሞ ባስጠነቀቀው ሰው ስም።

ያው ቢሮ፣ ሌላ ወንዝ

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝበት አንድ ቀጥተኛ መስመር አለ። ግሌን ካንየንን የገደበው የአሜሪካ የውኃ ልማት ቢሮ በዚያው ዘመን ባለሙያዎቹን ወደ ዓባይ ልኮ ነበር። በ1957 ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ፤ ጥናቱ ከ1958 እስከ 1964 ተካሄደ። የወንዙ ፍሰት ተለካ፤ የአፈሩና የአለቱ ዓይነት ተመረመረ፤ ገደሉ ከአየር ፎቶ ተነሣ። የ1964ቱ ሪፖርት 33 የመስኖና የኃይል ፕሮጀክቶችን ዘረዘረ። በዋናው ወንዝ ላይም አራት ታላላቅ ግድቦችን ጠቆመ፦ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ድንበር። ግንባታው በ2011 ተጀምሮ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የቆመው ድንበር ተብሎ በተጠቆመው አካባቢ ነው።

ሁለቱን ወንዞች አንድ ማድረግ አይቻልም። መብራት ያላገኘ የገጠር ቤተሰብ ጥያቄና የላስ ቬጋስ ወይም የፊኒክስ ጥያቄ አይተካከሉም። ግን የግሌን ካንየን ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። በመሐንዲስ ካርታ ላይ ገደል ሁልጊዜ ባዶ ይመስላል። የዓባይ ገደል ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወረድ በየእርከኑ ማሳ አለ፤ ከታች በቤንሻንጉል በኩል ደግሞ የጉሙዝ ማኅበረሰቦች በወንዙ ዳር ሲያርሱ፣ ዓሣ ሲያጠምዱና ወርቅ ሲያጥቡ ኖረዋል። ሐይቁ በሚሸፍነው ክልል የነበሩት ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። የመሻገሪያዎቹን ስም፣ ሰው ያድርባቸው የነበሩትን ዋርካዎችና ዋሻዎች፣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በግሌን ካንየን ተመራማሪዎች ሰባት ዓመት ሮጠው የድንጋዩን ታሪክ መዘገቡ፤ የሕያዋኑ ትውስታ ግን በአብዛኛው ሳይጠየቅ አለፈ። ግድብ መሥራትና ትውስታ መመዝገብ አይጣሉም። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን በምንም ገንዘብ አይገኝም።

ከቸልታ ወደ ሕግ

የግሌን ካንየን መስጠም በአሜሪካ የተፈጥሮ ጥበቃ ትግል ላይ ምልክቱን ጥሏል። በ1960ዎቹ በግራንድ ካንየን ውስጥ ሁለት ግድቦች ሊሠሩ ሲታሰብ ብራወርና ጓደኞቹ በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ እያወጡ ተከራከሩ፤ ግድቦቹም ቀሩ። በ1964 የዱር መሬት ጥበቃ አዋጅ ወጣ። በ1976 ደግሞ የመሬት አስተዳደር ቢሮውን ሥራ የሚወስነው ትልቁ አዋጅ ታወጀ። በዚህ አዋጅ መሬቱ በመርሕ ደረጃ በሕዝብ ይዞታነት እንዲቀጥል፣ አያያዙም ግጦሽን፣ ማዕድንን፣ ቅርስንና መዝናኛን አንድ ላይ እንዲያስብ ተደነገገ። ያን ጊዜ ነጻው አዳር ከቸልታ ወደ መብት ተሸጋገረ።

ቢሮው ዛሬ የሚያስተዳድረው መሬት 245 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ነው። በሄክታር 99 ሚሊዮን ያህል ይሆናል፤ ከመላው የኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ብዙም አያንስም። ሁሉም አልተስማማበትም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንዳንድ የምዕራብ ግዛት ፖለቲከኞችና ከብት አርቢዎች መሬቱ ለግዛቶች ይሰጥ እያሉ ይሟገታሉ። ክርክሩ እየበረደ እየጋለ ቀጥሏል። በዲሲ ወይም በዴንቨር የሚኖር፣ ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ በዚያ መሬት ላይ ከማንም እኩል ባለቤት ነው። ይህን የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ያለ አስተናጋጅ የሚታደርበት ቤት የራሱ ወግ አለው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አራት ሊትር ውኃ ይያዛል፤ በአለቱ ጎድጓዳ የሚጠራቀመውን የዝናብ ውኃ ተማምኖ የሚሄድ ሊሳሳት ይችላልና፤ ያንን ውኃ የሚጠብቁ እንስሳትም አሉ። ድንኳን በአለት ወይም በአሸዋ ላይ ይተከላል እንጂ በጥቁሩ ቅርፊታም አፈር ላይ አይተከልም፤ ያ ቅርፊት በጥቃቅን ሕያዋን የተሠራ ነው፤ አንድ ርምጃ ያፈረሰችው ለመዳን ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከውኃ 60 ሜትር ያህል ይራቃል። ቆሻሻ፣ በጠባብ ሸለቆዎች ውስጥ የሰው ዓይነ ምድር ሳይቀር፣ በከረጢት ታስሮ ተይዞ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ ደራሽ ውኃ ይፈራል። በነሐሴ 12 ቀን 1997 ከፔጅ ከተማ አጠገብ ባለው አንቴሎፕ ካንየን 11 ሰዎች በጎርፍ ሞቱ። ዝናቡ የዘነበው እነርሱ ካሉበት ርቆ ስለነበር ከላያቸው የጎርፍ ምልክት አልነበረም። በቆላ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም፤ ደጋው ሲዘንብ ቆላው ይወሰዳል።

ውኃው ሲሸሽ

ከ2000 ወዲህ የኮሎራዶ ተፋሰስ በረጅም ድርቅ ተይዟል። በ2023 መጀመሪያ ሐይቁ ከሙሉ መጠኑ ሩብ በታች ወረደ። የሰጠሙት የጎን ሸለቆዎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። በግድግዳቸው ላይ የቀድሞው የውኃ ልክ ነጭ ቀለበት ሆኖ ይታያል። በሥራቸው የተከመረው ደለል በየጎርፉ እየታጠበ ሲሄድ አኻያው ተመልሶ በቀለ፤ ኮተንውድ የተባለው ዛፍም ቁመት ጨመረ። በጣሪያው ቀዳዳ ብርሃን የሚወርድበት፣ የበረሃው ካቴድራል የሚባለው የአለት አዳራሽም ሰው ሊቆምበት የሚችል ሆነ። ከ60 ዓመት በፊት ከተሰናበቱት የተረፉ ጥቂቶች እየተመለሱ አይተውታል።

አዲስ አዳሪዎችም ይመጣሉ። በኤስካላንቴ በኩል ለሚያድሩ የሚያስፈልገው ፈቃድ በነጻ ይሰጣል፤ ቦታውን የሚያስተዋውቁ ሥዕሎች በየስልኩ ይዘዋወራሉ። ዛሬ አደጋው የተገለበጠ ይመስላል። ድሮ ሸለቆውን የጎዳው የሚያውቀው ሰው ማነስ ነበር፤ ዛሬ የሚያስፈራው ብዛቱ ነው። የሸክላ ስባሪ በኪስ ይሄዳል፤ በጥንት ሥዕል ላይ ስም ይቀረጻል።

በሌላ በኩል የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ድምፅ እየተሰማ ነው። ከግሌን ካንየን በስተምሥራቅ ያለውን የቤርስ ኢርስ አገር ለማስጠበቅ ሆፒ፣ ዙኒ፣ ናቫሆና ሁለት የዩት ሕዝቦች በአንድነት ጠየቁ። በታኅሣሥ 2016 ብሔራዊ ሐውልት ሆነ፤ በ2017 ክልሉ በእጅጉ ተቀነሰ፤ በ2021 ተመለሰ። በ2022 አምስቱ ሕዝቦች ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር በአስተዳደሩ አብረው እንዲሠሩ ስምምነት ተፈረመ። በዚያ አገር ድንኳን የሚተክል ሰው ዛሬ በጽሑፍ የሚነገረው መመሪያ ቀላል ነው። በጥንት ቤቶች ውስጥ አይታደርም፤ ግድግዳቸው አይደገፍም፤ የተገኘው ሸክላ ባለበት ይተዋል።

ይህን የጻፈው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቢሆንም አነጋገሩ የቤት ባለቤት አነጋገር ነው። እንግዳው ከብዙ ዘመን በኋላ ለካ ባለቤት ያለው ቤት ውስጥ ሲያድር እንደኖረ እየተነገረው ነው። አሁንም ክፍያ አይጠየቅም፤ ግን እንደማንኛውም የመሸበት እንግዳ፣ ሲገባ በማን ደጅ እንደቆመ ማወቅ፣ ሲወጣም አመስግኖ መውጣት ይጠበቅበታል።